ካቫና ከፋ

«ካቫ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት የሰማሁት «ከፋ» ብዬ ነበር። በምሠራበት ባንክ የምሳ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ፣ አጠገቤ ባለው መስኮት የሚሠራው ቶንጋዊ ባልደረባዬ መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠና «ዓርብ ማታ ካቫ አለ፤ ና» አለኝ። ጆሮዬ ገና ከአገሩ አልወጣምና፣ ወይ የቡናን አገር ከፋን፣ ወይ ደግሞ ስናዝን «ከፋኝ» የምንለውን ከፋ ያነሣ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። በዚያ ሰሞን ሁለቱም ከልቤ አልጠፉም ነበር። እናቴ ከሞተች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር።

ነገሩ የሆነው በኅዳር 2012 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ የዩታ ግዛት ዋና ከተማ በሶልት ሌክ ሲቲ ነው። በአገራችን ወግ መርዶ ለብቻ አይነገርም። ጎረቤትና ዘመድ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ፣ የሚደግፍ ትከሻ አዘጋጅቶ ነው የሚያረዳው። ለእኔ ግን መርዶው የመጣው በስልክ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አንድ ክፍል ባላት ቤቴ ውስጥ ነበር። የታላቅ እኅቴ ድምፅ ተቆራርጦ ደረሰኝ፤ ቀጥሎም መስመሩ ተቋረጠ። የጥገኝነት ማመልከቻዬ ገና እልባት ስላላገኘ፣ ከአገሩ ብወጣ ተመልሼ ለመግባቴ ዋስትና አልነበረኝም። ስለዚህ አልሄድሁም። ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ግድግዳ ሳይ ሰነበትሁና፣ በአራተኛው ቀን ክራቫቴን አስሬ መስኮቴ ላይ ተሰየምሁ። የሰው ገንዘብ ስቆጥር ዋልሁ። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችብኝም። እንባ ግን አልመጣም።

ዓርብ ማታ ሄድሁ። ብዙ የፓሲፊክ ደሴት ሰዎች በሚኖሩበት በዌስት ቫሊ፣ በአንድ ቤት የመኪና ጋራዥ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ወንዶች እግራቸውን አጣጥፈው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መካከላቸው «ኩሜቴ» የሚሉት ከእንጨት የተፈለፈለ ባለ እግር ሳህን አለ። አንዲት ወጣት ከውስጡ ድፍርስ የወንዝ ውሃ የመሰለ መጠጥ በኮኮናት ቅርፊት እየቀዳች በየተራ ታድላለች። ስብሰባው «ፋይካቫ» ይባላል። ጊታር ነበር፤ በብዙ ድምፅ የሚዜም ዜማም ነበር። ባልደረባዬ ለአጎቱ በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አላቸው። እሳቸውም አዩኝና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዜማ ሁሉ ቀስ ያለ ሆነ።

አንድም ቃል አልገባኝም። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ተራዬ ሲደርስ እየተቀበልሁ ጠጣሁ። መጠጡ አፈርና ቁንዶ በርበሬ አብረው የተዘፈዘፉበት ይመስላል፤ ምላሴና ከንፈሬ ደነዘዙ፣ ትከሻዬ ላይ የተጫነው ነገርም ጥቂት ላላ። ሆኖም እንደ አልኮል አእምሮዬን አላወከውም። በእነርሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ወንዶቹ በካቫ ዙሪያ ተቀምጠው ሌሊቱን እንደሚያነጉ የተነገረኝ ወደ ቤቴ ስንመለስ ነው። ለካ ለማያውቋት ለእናቴ ለቅሶ ተቀምጠውላት ኖሯል።

በዚያው መንገድ ላይ፣ ካቫ ያልጠጣ የአጎቱ ልጅ መኪናውን እየነዳ፣ ባልደረባዬ የተክሉን አፈ ታሪክ ነገረኝ። በረሃብ ዘመን የቶንጋ ንጉሥ ኤኡኤኪ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ይመጣሉ። ያገኟቸው ባልና ሚስት ለእንግዳው የሚያቀርቡት ምግብ ያጣሉ። በመጨረሻም በለምጽ የታመመች አንዲት ልጃቸውን፣ ካቫኦናኡን፣ ሠውተው ያዘጋጇታል። ንጉሡ የተደረገውን ሲረዱ ይደነግጣሉ፤ «አይበላም፤ በክብር ትቀበር» ይላሉ። ከመቃብሯም ሁለት ተክሎች ይበቅላሉ፤ አንዱ ካቫ፣ ሁለተኛው ሸንኮራ አገዳ። አንዲት አይጥ ካቫውን ቀምሳ ስትንገዳገድ፣ ዞራም ሸንኮራውን በልታ ስትጠና ታየች፤ ሰዎችም ከዚህ ተማሩ። እኔም በተራዬ ስለ ካልዲና ስለ ፍየሎቹ አወጋሁት። ከፍየሏ ይልቅ አይጧ ብልህ ናት ብሎ ሳቀ። ዝም ካልን በኋላ «ካቫ በቋንቋችን መራራ ማለት ነው» አለኝ። «ከፋ» በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ነገርሁት።

ከመኪናው ስወርድ አንድ ከረጢት የካቫ ዱቄት ሰጠኝ። «ስትፈልግ ታዘጋጀዋለህ፤ ብቻህን ግን አትጠጣው» አለኝ። ከረጢቱን ወጥ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቡናው አጠገብ አስቀመጥሁት። አልፎ አልፎ እከፍተውና አሸትተው ነበር። ሽታው የማውቀው የሚመስለኝ በከንቱ አልነበረም፤ ካቫ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው። እናቴ በርበሬዋ ውስጥ የምትጨምረው ጥምዝም የዚሁ ወገን ተክል ነው። ካቫ ዘር አያፈራም። ከግንዱ ተቆርጦ በሰው እጅ ካልተተከለ አይበቅልም። በፓሲፊክ ደሴቶች ሁሉ የተዛመተው፣ አገራቸውን ለቀው በታንኳ የሄዱ ሰዎች ቁራጩን ይዘው ስለሄዱ ነው። ይህን ሳነብ ለራሴ የተጻፈ መሰለኝ። ዳሩ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ከረጢቱን ከማሽተት አላለፍሁም። ብቻህን አትጠጣ ተብያለሁ፤ ብቻዬንም ነበርሁ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ሙቀጫ ላንሣ። አዲስ አበባ ውስጥ በባንክ ተቀጥሬ የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ገዛሁላት። እጇን ቁርጥማት ይዞት ዘነዘናውን ማንሣት ይከብዳት ጀምሮ ነበር። መረቀችኝ፤ መፍጫውን ግን ከነካርቶኑ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ከወራት በኋላ ስጠይቃት መጠቀም መጀመሯን ነገረችኝ። አንድ ቀን ግን ቡናውን በመፍጫው ከፈጨች በኋላ ባዶውን ሙቀጫ ስትወቅጥ አገኘኋት። «ምን ማድረግሽ ነው?» ብላት፣ «ጎረቤቶቼ የሚመጡት በምን ሰምተው ነው?» አለችኝ። ለካ በሰፈራችን ያ ድምፅ ጥሪ ነበር። የመፍጫው ድምፅ ከግድግዳው አያልፍም፤ ቢያልፍም ማንም የቡና ድምፅ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ እናቴ እስከ መጨረሻው ድረስ ቡናዋን በማሽን እየፈጨች፣ ሰዎቿን በሙቀጫ እየጠራች ኖረች።

እንግዲህ ወደ ጥር 2014 ዓ.ም. ልለፍ። ጥር 7 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2022፣ በቶንጋ ባሕር ውስጥ ያለው የሁንጋ ቶንጋ ሁንጋ ሃአፓይ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በእነርሱ ዘንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ ዘንድ ገና ዓርብ ማታ ነበር። ማዕበል ተነሣ፤ አመድ ደሴቶቹን ሸፈነ፤ ቶንጋን ከዓለም ጋር የሚያገናኘው በባሕር ሥር የተዘረጋ ገመድም ተበጠሰ። ዋናው መስመር እስኪጠገን አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። የባልደረባዬ እናት የምትኖረው ለእሳተ ገሞራው ቅርብ በሆኑት በሃአፓይ ደሴቶች በአንዷ ነበር። የፍንዳታው ድምፅ አላስካ ድረስ ተሰማ ተባለ። የእናቱ ድምፅ ግን ሶልት ሌክ ሲቲ አልደረሰም።

ቅዳሜ ስልክ ደወልሁለት። «አይጠራም» አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም። ያን ሰሞን ኮቪድ እንደገና ተዛምቶ ስለነበር የዓርብ ማታው ስብሰባቸው ተቋርጧል። አጎቱም ታመው ተኝተዋል። የማይጠራ ስልክ ምን እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንነገር አይገባንም። ታዲያ ምን ላድርግለት? «አይዞህ» ማለት በእንግሊዝኛ ሲሆን አቅም ያንሰዋል። ያን ጊዜ ቁም ሣጥኑ ትዝ አለኝ። «ማክሰኞ ማታ እኔ ቤት ካቫ አለ፤ ና» አልሁት። ካቫ ማዘጋጀት እንደማላውቅ አልነገርሁትም።

ሰኞ ዕለት የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በመሆኑ ባንኩ ዝግ ነበር፤ ልምምዴን ያዝሁ። እኔ ቤት ኩሜቴ የለም፤ የጁስ መፍጫ ብሌንደር ግን አለ። ባነበብሁት መሠረት ካቫ ውስጥ ያለው ዋና ነገር፣ ካቫላክቶን የሚሉት፣ ውሃ ውስጥ እንደ ስኳር አይሟሟም። በኃይል ተመትቶ፣ ተፈትጎና ተጨምቆ ነው ከውሃው ጋር የሚዋሐደው። የጥንት ሰዎች ሥሩን ያኝኩት ወይም በድንጋይ ይወቅጡት የነበረው፣ ዛሬም ዱቄቱን በጨርቅ አድርገው ውሃ ውስጥ የሚያሹት ለዚህ ነው። ብሌንደሩ የማኘኩንና የመውቀጡን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ቀላል መሰለኝ።

የመጀመሪያ ስሕተቴ የቡና ልጅነቴ ያመጣው ነው። ውሃውን አፈላሁ። አራት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ብሌንደሩ ውስጥ ጨምሬ፣ የፈላውን ውሃ ሞልቼበት፣ ክዳኑን ገጥሜ ቁልፉን ስጫን፣ የታፈነው እንፋሎት ክዳኑን ወረወረው። እጄን ለጥቂት ሳተኝ። ወጥ ቤቴ ላይ ቡናማ ዝናብ ዘነበ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ነጠብጣብ እስካሁን አልለቀቀም። የተረፈውም ቢሆን አጥሚት ሆኖ ነበር። ሥሩ ውስጥ ብዙ ስታርች ስላለ የፈላ ውሃ ሲያገኘው ይበስላል፤ ይወፍራል፤ ከዚያ ወዲያ በምንም አይጠልም። ካቫ የሚሻው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ቢበዛ እጅ የሚችለው ለብታ።

ሁለተኛው ጊዜ ውሃውን ለብ አድርጌ፣ አራት ደቂቃ ያህል መትቼ፣ በሻይ ወንፊት አጠለልሁት። መልኩ አምሮልኝ ነበር። ስቀምሰው አሸዋ የጠጣሁ መሰለኝ። የሻይ ወንፊት ቀዳዳው ለካቫ ዱቄት ሰፊ ነው፤ ብሌንደሩ ደግሞ ሥሩን ይበልጥ አልሞ ጭራውን ወደ ጽዋው ያሳልፈዋል። ያ ጭራ ሆድ ይረብሻል። ሌሊቱን ሆዴ ሲያጉረመርም አደረ። ብቻህን አትጠጣ የተባልሁትን ለቅምሻም ቢሆን መተላለፌን አሰብሁና በጨለማው ውስጥ ሳቅሁ።

የባንክ ሰው ነኝና ነገር ማጣራት እወዳለሁ፤ እንቅልፍ ስላጣሁ ማንበቤን ቀጠልሁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 ካቫ ያለባቸው ምርቶች ጉበትን ሊጎዱ እንደሚችሉ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ጉበቱን የታመመ ሰው እንዳይጠጣው፣ ከአልኮልና ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር እንዳይደባለቅ፣ ጠጥቶም መኪና እንዳይነዳ ይመከራል። ባልደረባዬ እንዲያድር ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍሁ።

ማክሰኞ ጥር 10 ቀን፣ በአገራችን ከተራ ነው። ከሥራ ስወጣ ከጨርቃ ጨርቅ መደብር አንድ ሜትር አቡጀዲ ገዛሁ። እናቴ ጠጅ ስታጠል አጠገቧ ቆሜ ጨርቁን እይዝላት ነበር፤ ይህን የመሰለ ጨርቅ ነበር። አጥቤው አጠፍሁትና በማጥለያ ልክ ሰፋሁት። ስፌቴ የወንደላጤ ስፌት ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ለብ ያለውን ውሃና ዱቄቱን ብሌንደሩ ውስጥ አድርጌ ክዳኑን በመዳፌ ተጭኜ ቁልፉን ነካሁ። የኔ ብሌንደር አሮጌ ነው፤ ሲሠራ የወፍጮ ቤት ያህል ይጮኻል። ከታች የሚኖሩት ጎረቤቴ ምን ይሉኝ ይሆን እያልሁ አራቱን ደቂቃ ቆጠርሁ። ሳጠፋው በሩ ተንኳኳ።

ባልደረባዬ ነበር። ጃኬቱ ላይ በረዶ አለ። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «መጥቼ ታች ከደረጃው ሥር ቆሜ ነበር» አለኝ። «ልመለስ ወይስ ልግባ እያልሁ። ከዚያ የማሽኑን ድምፅ ሰማሁ፤ ካቫ እየመታህ መሆኑን አወቅሁ። ወጣሁ።»

መልስ አልሰጠሁትም። የእናቴ ባዶ ሙቀጫ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

የመታሁትን አቡጀዲው ውስጥ ገልብጬ፣ አፉን ጠምዝዤ፣ በጎድጓዳ ሳህን ላይ ጨመቅሁት። የጨረስሁ መስሎኝ ጨርቁን ላስቀምጥ ስል እጁን ዘረጋ። «ገና ነው» አለኝ። ወሰደው። እነዚያ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥሩ የሚውሉ ጣቶች ጨርቁን ሲያሹት፣ ሲጠመዝዙት፣ መልሰው ሲያሹት አየሁ። ከኔ ጭምቅ የወጣውን ያህል ደግሞ ወጣ። ከአራት ቀን ወዲህ እጁ የሚሠራው ነገር ያገኘ ይመስል ነበር። ብሌንደሩን አየው። እንዳይታዘበኝ ፈርቼ ይቅርታ ልጠይቅ ስል «እኛም ቤት አለ» ብሎ ገላገለኝ።

ኮኮናት ቅርፊት ስለሌለኝ በቡና ስኒ ቀዳሁ። መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ስልኩን በመካከላችን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። ጠጣን። የመጀመሪያው ሲያልቅ አተላውን መልሶ ጨርቁ ውስጥ አድርጎ አዲስ ውሃ አፈሰሰበትና እንደገና ጨመቀው። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነበር። «በእኛ አገር ለዚህ ስም አለው» አልሁት። «የመጀመሪያው ቡና አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ ይባላል። በረካ በረከት ነው። እናቴ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው አትወድም ነበር።» ስለ እናቴ ከሰው ጋር ስናገር ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። እርሱም ስለ እናቱ አወራኝ፤ ዓሣ ስታጸዳ ስለምታንጎራጉረው፣ ስለ ቤቷ፣ ቤቷ ከባሕሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ። እርምጃውን ቆጥሮ አያውቅም ኖሯል፤ በዚያች ሌሊት ግን ከደጃፏ ተነሥቶ በሐሳቡ እየሄደ ሲቆጥር አየሁት። አልጨረሰውም። አተላው ሦስተኛ ውሃ ፈሰሰበት። ከውሃ ብዙም የማይለይ ቢሆን ጠጣነው። ስልኩ ግን አልጠራም። እርሱ ሶፋው ላይ ተኛ፤ እኔም ሳልተኛ ከተራውን አነጋሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ መስኮቴ ላይ አንጎቴን ደፍቼ ገንዘብ እየቆጠርሁ ሳለ አንድ ሰው ከደንበኞች ወገን መጥቶ ፊቴ ቆመ። ባልደረባዬ ነበር። ከሠራተኞች በር አልገባም፤ እንደ ባለጉዳይ ዞሮ ነው የመጣው። ከደሴቷ በጀልባ ወደ ዋና ከተማዋ የተላከ ቃል ከዚያ በሳተላይት ስልክ ለዘመድ ደርሶ ነበር። ቤቱ የለም። እርሷ ግን ከፍ ወዳለው ስፍራ ወጥታ ተርፋለች።

«ደህና ናት» አለኝ።

ደስ አለኝ፤ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ደስ አለኝ። ነገር ግን ወዲያው ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተሰነጠቀ። እኔ የምጠብቀው ስልክ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። «መስኮቱ ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ አቁሜ፣ ወደ ምሳ ክፍሉ ገብቼ፣ ለእናቴ አለቀስሁ። ከሁለት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነው። እርሱ ከኋላዬ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም። መቀመጥ ያውቅበታል።

ዓርብ ማታ ብሌንደሩ እንደገና ጮኸ። አጎቱም ድነው መጡ፤ የኔን ካቫ ቀምሰው «ውሃ በዝቶበታል» ብለው ፈረዱ። ሲሄዱ ለሁለት ዓመት ከስድስት ስንኝ በላይ ያልጻፍሁበትን ደብተሬን ከፈትሁ። ገጣሚ ነኝ ለማለት አልደፍርም። ለእናቴ የመጣልኝ ግን ይህ ነው፤ እነሆ፦

ቡናሽን ሳልጠጣ፣ ለቅሶሽ ላይ ሳልቀመጥ፣
በሰው አገር ጽዋ እንባዬን ስመጥጥ፣
ምሬቱን ሲያጋራኝ ወዳጄ ከጎኔ፣
ለካ ማልቀስ ኖሯል የጎደለው ከኔ።